ሦስት ደቂቃ በመረብ

ጣና ዳር በቆመ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣
ሥራዬ ቆጠራ፤ የዓሣ መገላበጥ፣
ስንቴ ዞረ፣ ስንቴ ሸሸ፣
ከንፈሩንስ ስንቴ ከጠጠር ላይ አሸ።

ዶክተር አንሙት መርፌ ከከንፈር ይሰካል፤
የአሲዷ ጠብታ አቼቶ ይሸታል።
ቆሮሶው ይዘላል፣ ቆሮሶው ይሮጣል፣
ከመስተዋቱ ጋር ራሱን ያጋጫል።
እኔም እጽፋለሁ፦ "አሥራ ስምንት ዙር"፤
ወረቀት ምን ያውቃል፣ ለሱ ቁጥር ቁጥር።

ሌላውን ቆሮሶ ግን
መጀመሪያ በመረብ ጠቅልለን እንይዛለን፣
ሦስት ደቂቃ ሙሉ፣ መላወሻ ከልክለን።
ከዚያ መርፌው ሲገባ፣ አሲዱም ሲነድደው፣
ከመረብ ፈተነው ውሃ ላይ ስንለቀው፣
አይዞርም። አይሸሽም። ጠጠርም አይነካ።
ዜሮ ብዬ ጻፍኩኝ። ዝም ማለት ይለካ?

"አልተሰማውም ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት፤
ጠመኔውን አንስቶ ሥዕል ጀመረ አንሙት፦
"ከፊት ያለው አንጎል፣ ከሽምብራ ያነሰ፣
ሞት ደጅ ቆሞ ሳለ ሕመም ከደረሰ፣
'አንቺን ቁጭ ብዬ ልስማ፣ ወይስ ነፍሴን ላድን?
ተራሽን ጠብቂ!' ብሎ በሩን ክድን።
ያችን ቅንጣት ዘበኛ አጥፍተን በሩ ክፍት ካደረ፣
መረብ የታቀፈውም እንደ ሌላው ዞረ።"

ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ከበሩ ማዶ ካለው ቤት
ዓሣ ጥብስ ይሸታል፣ ሎሚና ዳጣ ያለበት።
አንሙት ይበላል። እኔም በላሁ። አልክድም።
ጥያቄው ግን እንደ አጥንት፣ ቢውጡት አይወርድም።

ከሰሌዳው ላይ፣ ከጠመኔው ሥዕል፣
እኔ ያየሁት ኑርዬን ነው፣ አባቴን፣ በደንገል
ታንኳው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ነሐሴ ማለዳ፣
ግልገል ዓባይ ጭቃውን በሚያፈስበት ሜዳ።
ጉማሬ ከሥር ወጥቶ ታንኳውን ሲሰብረው፣
ገመድ ያለው መንጠቆ መዳፉን ሲበረብረው፣
በዚያው እጁ ቀዘፈ።
ደሙ ደንገሉን አልፎ እስከ ጉልበቱ ጎረፈ።
ዳር ያለን ሁሉ አይተናል፤ እሱ ብቻ አላየም፣
"እጅህ! እጅህ!" ብንለው፣ "ምን ሆንኩ?" እንኳ አላለም።

እግሩ አሸዋ ሲነካ ነው የጮኸው፣
ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን ታቅፎ ያለቀሰው።

ሰፈሩ "ጀግና" አለው፤ እስከ አሁንም ይላል።
እሱ ግን ያን ማታ፣ ፋሻውን እያየ፣ ሹክ ብሎኛል፦
"ጀግንነት አይደለም። ሕመሜ ውሃ ላይ አብሮኝ አልነበረም፤
ቀድሞኝ ዳር ደርሶ፣ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነው ያገኘሁት፣ ሌላ የለም።"

ይኸው ሰው ነው ደግሞ፣ ቅርፊት ሲገፍ፣ ሆድ ሲቀድ፣
"ዓሣ አያመውም" የሚለን፣
"ቢያመው ኖሮ ይጮህ ነበር፣ እንደ ፍየል ሲታረድ።"
አምነነው በላን። አምባዛውም ቆሮሶውም
ከታንኳው ወለል፣ ከመረቡ ውስጥ፣ ቃል አልነበረውም።
ምናልባት ዳር እስኪያገኝ ነበር ዝምታው፤
እኛ ግን ዳር ስናወጣው፣ ዳሩ ቢላዋው።

ዛሬ ማታ ቆጠራው አለቀ። አንሙትም ወጣ።
እቃ አጥቤ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ መብራት ላጠፋ ስል፣ መጣ፣
ያ በመረብ የነበረው፣ ያ "ዜሮ" ብዬ የጻፍኩት፣
ከጥጉ ወጣ ቀስ ብሎ፣ ሞተ ብዬ የፈራሁት፤
ክንፉን እያንቀጠቀጠ
ከጠጠሩ ላይ ከንፈሩን አስቀመጠ።

አሸ።

ደግሞ አሸ።

ሰዓቱ ቆሟል፤ መዝገቡም ተዘግቷል።
ይህ አይቆጠርም።
መብራቱን አጠፋሁለት።