ሁለት ቀን ይሸታል

ደንገጎ ወገብ ላይ፣ ጥምዙ ሲጠነክር፣
አንድ ሽታ መጣ ከፔዳሉ ሥር።
የሚቃጠል ዘይት።
ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የማንጎ ነጋዴ፣
«አቦ!» አለች ከኋላ፣ «ሳንቡሳ ትጠብሳለህ እንዴ?»
የሾፌር አፍ መቼ ያጣል መልስ፣
«ከኒኢማ መጥበሻ ነው፣ ሸሚዜ ላይ ያደረ ጭስ።»
ዋሸሁ።
የሰው ንጹሕ መጥበሻ አማሁ።

ሐረር ደርሼ፣ በሩ ጋ፣ ሞተሩን ሳጠፋ፣
ሽታው እንደ ዘመድ ገብቶ ተንሰራፋ።

ሳቢያን ያለው ልጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ኮፈኑን ሳይከፍት ፈረደ፣ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ብሎ።
ዋጋውን ጻፈልኝ በሲጋራ ፓኮ፤
የስንት ዓመት ምልልስ ነበረ እሱ እኮ!
አንዱ «ፍሪሲዮን ነው»፣ አንዱ «ፍሬን ነው» አለ፣
አንዱማ «ዓይን ነው» አለኝ፣ በእናቱ እየማለ።
ሌሊት ትራሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ሸተተ፤
በሕልሜ የአባቴ ፔጆ ለቁራሌው ሲሸጥ አየሁ፣ በገመድ እየተጎተተ።

ሮብሌ ዘንድ ሄድኩ። ለገሃር ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣
ሽርጡን ታጥቆ ተቀምጧል፤ ሠላሳ ዓመት የኖረ የባቡር ሆድ ሲመረምር።
ቁልፍ አላነሳም፤ ጥያቄ አነሳ፦
«ስትወጣ ነው ወይስ ስትቆም? ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስሳ?»
«ስወጣ ይጀምራል፣ ስቆም ይብሳል።
ጭስ የለም። ዘይቱ ግን ጣት ያህል ይጎድላል።»
«ፋሻህ ደህና ነው» አለ። «ውስጥ የነደደ ዘይት በጭራ ያሳብቃል፤
ያንተው ደጅ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ትኩስ ብረት ይልሳል።»

እስኪበርድ ጠበቅን። ድሬ ላይ መብረድ፣ መቼም፣ የስም ነው።
በናፍታ ጨርቅ የዓመታት እድፉን አሸው፣ አደረቀው።
ከዚያ ልጁን ጠርቶ፣ «ወሪያ! ከኒኢማ ቤት፣
አንድ ጭብጥ አምጣ፣ የፉርኖ ዱቄት።»
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!
ያማኋት ሴት በቆርቆሮ ሙሉ፣ ከነሰላምታዋ፣ ላከችልኝ።

ነሰነሰው፤ ሞተሩ ላይ
ውርጭ ጣለ፣ ድሬ በዕድሜዋ የማታውቀው፣ በጠራራ ፀሐይ።
«አስነሳ።»
አስነሳሁ። ቆምን።
አንድ ባጃጅ ጮሆ አለፈ፤ ቀና አላልንም።
ከኮፐርኪዮው ከንፈር፣ ከጥጉ፣ ቀጭን ጥቁር ክር፣
ደቻቱ ከተራራው ዝናብ በኋላ በአሸዋው ላይ እንደሚጀምር፣
ዱቄቱን እያራሰ፣ ሳይቸኩል፣ ወረደ፤
የማርሚታው አንገት ላይ ደረሰ፣ ጢስ ሆኖ ሄደ።

ብሎኖቹን ሲነካ፣ «ማነው ይሄን እንዲህ ያጠበቀው?» አለ።
ዝም።
እኔ ነኝ። ክዳኑ ላይ ላብ አይቼ፣ ከረመዳን በፊት፣
በሁለት እጄ ጠምዝዤው ነበር፣ እስኪያቃስት ብረት።
«አንቀህ ገደልከው» አለ፣ የደረቀውን ጓርኒሲዮን
እንደ ጫት ገራባ በጣቱ እየሰበረ።
«ብሎን እንደ ሰላምታ ነው። እጅ ትጨብጣለህ፣ ጣት አትሰብርም።»

ቡሽ ዘርግቶ፣ ክዳኑን አስተኝቶ፣ በእርሳስ ዙሪያውን ዞረ፣
ምላሱን እንደ ተማሪ ነክሶ በምላጭ ሰረሰረ።
ከመሀል ወደ ዳር፣ በሁለት ጣት ብቻ አጠበቀ።
ዋጋውን ስጠይቅ፣ «የቡሹን ስጠኝ» አለና ሳቀ፤
«ሁለት ቀን ይሸታል፤ እንዳትሰጋ፣ እንዳትቆጣ።
ብረቱ የጠጣው ዘይት አለ፤ ተጠግኖም ይሸታል፣ ነዶ እስኪወጣ።»

በማግስቱ ደንገጎ ላይ፣ ያው ሽታ። ተሳፋሪው ዞሮ አየኝ።
«የኔ ነው» አልኩ። «ጥፋቱም የኔው ነው። አንድ ቀን ታገሰኝ።»
በሦስተኛው ቀን፣ ያው ጥምዝ ጋ፣ አፍንጫዬን ቀስሬ ጠበቅሁት፤
አልመጣም። ማንጎና አቧራ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ማታ ኒኢማ ዘንድ ስድስት ሳንቡሳ ገዛሁ፣
መልሱን ትቼ ተነሳሁ።
«ምን ነካህ ዛሬ?» አለች።
«ዱቄት» አልኳት።