ተራ ቁጥር አርባ ሰባት

ቅጹ «እርስዎ» ይላል፤
ድሬ ግን «እርስዎ» ሲሏት
ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።
ገና ከበራፉ ያችን ቃል ሰረዝኳት፣
«አንቺ» ብዬ ተካኋት።

ገንደ ቆሬ። ከረፋዱ አራት ሰዓት።
ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
እስክሪብቶዬን ከኔ ብሶ ያልበዋል።
«ሴፍቲኔት መረብ ነው» ብለውናል በስልጠናው፣
«የሚወድቀውን የሚይዘው።»
መረቡ እጄ ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ፣
ጥጉ በላቤ የራሰው።

የባቡሩ ጡረተኛ ጋሽ ጌራወርቅ
ቴሌቪዥኑን አንሶላ አልብሶ ጠበቀኝ፤
«ይሄ ምንድን ነው?» ብለው
«የታመመ ልጅ ነው፣ አትቀስቅሺው» አለኝ።
ከአንሶላው ሥር ሽቦው እንደ ጅራት ወጥቷል።
(ቴሌቪዥን ሁለት ነጥብ ይቀንሳል።)
«እግዜር ይማረው» ብዬ ወጣሁ።

አስካለ ደግሞ ግቢዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጥባ፣
ድህነቷን እንደ ነውር ከመጋረጃ ጀርባ አስገብታ፣
አራት ወንበር ደርድራ ቆየችኝ።
«ወንበር፦ አራት» ብዬ ጻፍኩ።
ቀጥሎ ካለው ቤት ስገባ
ወንበሮቹ በጓሮ ዞረው ቀድመውኛል፣
ያ እግሩ በሽቦ የታሰረው ሳይቀር።
ሦስተኛው ቤት ላይ ሰላም ተባባልን።

አርባ ሰባተኛው የአዴ ሹክሪያ ነው።
ወንበሮቹ እዚህ አልደረሱም፤
ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

ጣሪያ?
ቆርቆሮ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነው።
ግድግዳ?
ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው።
ወለል?
የደቻቱ አሸዋ፤ ጎርፍ ያመጣው፣
ማንም ያላስወጣው።
በቀን ስንቴ ትበላላችሁ?
ሳቀች። «ስንቴ ነው የሚፈቀደው?
እናንተ ታውቃላችሁ።»

የቤተሰብ ብዛት?
«አራት።»
እኔ የማየው ሦስት ነው፤
እሷ፣ ዓይኗ የፈዘዘ እናቷ፣
ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ
ኳስ የምትሠራ የልጅ ልጇ።
«አራተኛውስ?»
«ጃፈር።»
አገጯን ወደ ሐዲዱ አነሳች።
«በኦቦክ ዞሮ ባሕር ገባ። አምና በረመዳን ደወለ፣
‹ነገ እንሻገራለን፣ አዮ› አለ።
ያ ነገ፣ ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልነጋም።»

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦
«ውጭ አገር ያለ»፣ ነጥብ ይቀንሳል፤
«በሞት የተለየ»፣ ነጥብ ይጨምራል።
መሐላቸው መስመር እንጂ ሳጥን የለም፣
መስመር ላይ ደግሞ ሰው አይኖርም።

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።
«አዴ፣ ሞቷል በይኝ። ወረቀት ነው፤
ወረቀት ሰው አይገድልም።»
ዝም አለች። ከዚያ፦
«ስንት ብር ነው የሚሰጡት?»
ነገርኳት። በጣቶቿ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።
«ለከፈን አይበቃም» አለች።
«እኔ በሬን ሳልቀረቅር ነው የማድር፣
ሌሊት መጥቶ ቢገፋው
እንዳይከብደው።
ላንቺ ሳጥን ብዬ አሁን ልቀርቅረው?»

«4» ብዬ ጻፍኩ፣ ሳጥኖቹን ባዶ ተውኩ።
በማግስቱ አስተባባሪው መነጽሩን አውልቆ
«ማሽኑ ባዶ አይቀበልም» አለኝ።
መረቡ ባሕር ድረስ ይዘረጋ እንደሁ
ልጠይቀው ነበር፤
የቀን አበሌ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ኮሚቴው ስም አነበበ፤
ሕዝቡ ጥላው በዞረበት እየዞረ ተሰበሰበ።
አርባ አምስት። አርባ ስድስት። አርባ ስምንት።
«ቅሬታ ያለው?»
ጋሽ ጌራወርቅ ተነሳ። ስለ ራሱ መስሎኝ ነበር።
«አርባ ሰባት የት ሄደች?» አለ።
ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባውን አየ፣
እዚያም የለችም።

አዴ ሹክሪያ ከኋላ ቆማለች።
አስካለ አንድ ወንበር ላከች፣
በሰው ራስ ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣
እግሩ በሽቦ የታሰረውን።
ተቀበለችው።
አልተቀመጠችበትም፤
አጠገቧ አቆመችው።