የሆድ ወፍጮ

አባቴ እንየው አዘዞ ላይ
አርባ ዓመት ሙሉ እህል ፈጨ፤
ቅንድቡ መቼ እንደነጣ
ከዱቄቱ ሳይለይ አረጀ።

ሞተሩ ሲሰበር፣ መለዋወጫው ሲጠፋ፣
ቀበቶው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሲያንቀላፋ፣
ቤቱን ለእኔ ተወው።
እኔም ጭድ ጎዝጉዤ፣ አምፖል አንጠልጥዬ፣
መቶ ሰማንያ የሥጋ ዶሮ ጫጩት
ከካርቶን አወጣሁ አንድ ሁለት ብዬ።

መኖው እንክብል ነው፤ ሩቅ ተፈጭቶ፣ ሩቅ ተጠፍጥፎ፣
መንገድ ከተከፈተ በአይሱዙ ይመጣል ዓባይን አልፎ።
ዋጋው ግን ሁልጊዜ
ከመኪናው ቀድሞ ይገባል።

ስለዚህ በአሥረኛው ቀን
ዘጠኝ ጣሳ እንክብል ላይ አንድ ጣሳ ስንዴ ጨመርኩ፤
ያልተፈጨ፣ ያልተከካ፣
የደንቢያ ስንዴ፣ እራሴ ለቅሜ ያበጠርኩ።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።
«አንጓች!» አለ፣ «ምን ነክቶሽ ነው?
የወፍጮ ቤት ልጅ ሆነሽ ጥሬ ትበትኛለሽ?
ጥርስ የሌለው ፍጥረት፣ የአሥር ቀን እንግዳ፣
ሙሉ ስንዴ ውጦ ማን ያወጣዋል ከፍዳ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔም ፈርቼ ነበር።
ጫጩቶቹም ናቁት፤
እንክብሉን ለቀም፣ ስንዴውን በእግር ጫር።
አንዷ ብቻ፣ ክንፏ የተንጨባረረ፣
አንዲት ፍሬ አነሳች፣ ጣለች፣
አነሳች፣ ጣለች፣
በሦስተኛው ዋጠች።
ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ከአፏ ሊነጥቁ ሮጡ።

ያን ሌሊት በባትሪ ስዞር፣
ደረት ስዳብስ፣ ትንፋሽ ሳዳምጥ ነጋ።
ማንም አልታነቀ።

ሠላሳውን ግን በጣውላ ለይቼ
እንክብል ብቻ አበላሁ፤
ለአባቴ ሳይሆን ለራሴ ጥርጣሬ።
በሃያ ስምንተኛው ቀን ሁለት አረደልኝ፣
አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ።
ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ያተረፍኩት ጣሳውን ነው
ብዬ ቢላዋዬን አነሳሁ።

የእንክብሏን ከፈትኩ፤ የሆድ ወፍጮዋ ቀጭን፣ ልስልስ፣
ሳንቲም አይቶ የማያውቅ የልጅ ኪስ።
የስንዴዋን ከፈትኩ፤
ጠንካራ፣ ቀይ፣ የተጨበጠ ቡጢ፤
ውስጡ ያ የፈራነው ስንዴ
ገሚሱ ተሰንጥቋል፣ ገሚሱ ልሟል።

አባቴ በመዳፉ ተቀበለኝ።
ጫን አለው። አገላበጠው።
ድሮ ድንጋይ ሲመርጥ እንደሚያይ አየው።
«ይኼማ ወፍጮ ነው» አለ።
ዝም ብሎ ቆየና፣
«መጁስ የታለ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።
ከጓሮ፣ ቁልቋሉ ሥር፣
ሣር የበላውን አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ገለበጠ።
መሮና መዶሻ አንስቶ፣ እንደ ጥንቱ ይወቅረው ገባ፤
ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
ፍርፋሪውን በወንፊት ነፋ፤
ብናኙን ጣለ፣ ጠጠሩን በጣሳ ይዞ
ለጫጩቶቹ በተነላቸው።
እነሱም እንደ እህል ተሻሙበት።

ድምፁን የሰማች ጎረቤት፣ እትዬ ሲሳይነሽ፣
ማሽላዋን በጆንያ ተሸክማ ደረሰች።
«እሰይ! ወፍጮው ተከፈተ እንዴ?»

«ተከፍቷል» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል፣
«መቶ ሰባ ስምንት ሰው ይቀድምሻል።»

እሷ እስካሁን በሩ ላይ ናት፤
ጆንያዋን ታውርድ አታውርድ
ገና አልወሰነችም።