ተራ ቁጥር ሰባት

ዝናቡ ከባሕር በአግድም ሲመጣ፣
ማክሰኞ አመሻሽ፣ ደረጃውን ይዞ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣
ከምክር ቤቱ ጥግ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ቁጭ አልኩኝ እንደ ልማዴ የሰው ቃል ልሰበስብ።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
የተባለውን ጻፍኩ፤ ያልተባለው ቀረ በየሰዉ አንገት።

ተራ ቁጥር አምስት፣ የብስክሌት ማቆሚያ፤
ተራ ቁጥር ስድስት፣ ለዓሣ ገበያው ጣሪያ ማሠሪያ፤
ተራ ቁጥር ሰባት፣ በአደባባይ ስላሉ ካሜራዎች መመሪያ፣
የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ለወጣው፣ ማሻሻያ።

ከንቲባዋ አነበቡ። አንቀጽ ሁለት፣ ንዑስ ሦስት፦
«ካሜራው ሕዝቡን ይጠብቃል፣ ቀንም ሆነ ሌሊት።»
አንቀጽ አራት ደግሞ፦ «የተቀዳው ምስል
ዕድሜው ከሃያ ስምንት ወደ ሰባት ቀን ዝቅ ይበል።»

ዊብሬን ተነሣ፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፤
«ሁለት ጊዜ ተሰረቅኩ፤ ሰባት ቀን ምን አለው?
ሌባ እንደሆን አይቸኩል፤ ፖሊስ እንደሆን አይሮጥ፤
እኔ በየትኛው ጎኔ ልገላበጥ?»

ኔልከ ቀጠለች፣ ገና ሃያ ያልሞላት፤
«ድልድዩ ላይ ስስም፣ ማነው ያ የሚያየኝ?» ስትል ሳቁላት።
አልሳቀችም እሷ። «ስሙን ንገሩኛ፤
እሱ እኔን የሚያውቅ፣ እኔ እሱን የማላውቅ፣ ይህ ምን ዓይነት ጓደኛ?»

ጻፍኩኝ፦ «ተናጋሪዋ የግል ሕይወትን ጉዳይ አንሥታለች።»
መሳሟ መዝገብ አልገባም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ከዚያ ሹክየ መጣች፤ ድምጿ እንደ ስሟ፤
ማይኩን ቢያስጠጉላት፣ ይኸው ነበር አቅሟ።
ወንድሟን፣ ዳውዌን፣ ባለፈው መጋቢት
ከሃርሊንገን ወደብ ባሕር ወሰደባት።
ካሜራ ቁጥር አሥራ አራት፣ ከመብራቱ ምሰሶ፣
አይቶት ነበር ይባላል፣ ሲያልፍ አቀርቅሮ፣ ሲጋራውን ለኩሶ።
ማመልከቻ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ ቢሮው ስትደርስ፣
ሠላሳኛው ቀን ነበር፤ የጠፋ አይመለስ።

አዳራሹ ጠበቀ፤ «ዘጠና ቀን» ልትል፣
«ዓመት ይቀመጥ» ልትል፤ ዊብሬንም ራሱን ነቀነቀ፣ አስቀድሞ ሊቀበል።

«‹ይጠብቃል› ብላችሁ ጽፋችኋል፤ አየሁት።
እኔ መጠበቅን ከመጋቢት ወዲህ ነው የተማርኩት።
መጠበቅ ሾርባ ማሞቅ ነው፣ ሲበርድ ደግሞ ማሞቅ፣
የደጅ መብራት አለማጥፋት፣ በየኮቴው መሳቀቅ።
ያ ምሰሶ ላይ ያለው፣ ወንድሜን አይቶታል፤
‹ዳውዌ፣ ተመለስ፣ ንፋስ ነው› ብሎታል?
አላለውም። አየው። ከዚያ ጎህ ቀደደ፤
ጀልባ ቀዳ፣ ርግብ ቀዳ፤ ወንድሜ እንደ ሄደ፣ ሄደ።

ዘጠና ቀን ብታደርጉት፣ ሺህ ቀን ብታደርጉት፣
የማገኘው ጀርባውን ነው። ያን ሹራብ እኔ ነኝ የሠራሁት።
ሰባቱን ቀን አልቃወምም። አንድ ቃል ግን ለውጡ፦
‹ያያል› በሉ። ጠባቂ ከፈለጋችሁ፣ ሌሊት ለሚቆም ሰው ፋኖስ ስጡ።»

ሦስት ደቂቃ ነበር ለአንድ ሰው የተሰጠው፤
እሷ ሁለት አልሞላች፤ የቀረውን ዝናቡ ነው የወሰደው።

ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለአምስት። ሰባት ቀን ጸደቀ።
ስለ ቃሉ ሲነሣ፣ የሕግ ባለሙያው «ልዩነቱ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ።
ማንም አልመለሰ። ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ ጉዳዩ፤
ሰዎቹም ከመስቀያው ሥር ጃንጥላቸውን ለዩ።

እኔም ጻፍኩ፦ «አንዲት ነዋሪ ስለ ቃላት አጠቃቀም አስተያየት ሰጠች።»
ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከመስመሩ ውስጥ እሷ የለች።

እኩለ ሌሊት ገደማ፣ መዝገቤን ዘግቼ፣
በወደቡ በኩል ዞርኩ፣ የቤቴን መንገድ ትቼ።
ቁጥር አሥራ አራት እዚያው ነው፣ ቀይ ነጥቡን አብርቶ፤
አንድ ልጅ ተቀምጧል ከግንቡ ጫፍ ላይ፣ እግሩን ወደ ውኃው ዘርግቶ።

ሁለታችንም አየነው።

«ምነው፣ አይበርድህም?» አልኩት፣ ጠጋ ብዬ በጎኔ።
«አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው።» የመጨረሻው ከሄደ ሰዓት ሆኖታል፤ ያውቃል እሱ፤ አውቃለሁ እኔ።
ድንጋዩ እርጥብ ነበር፤ ቦርሳዬን ሥሬ አደረግሁ፣
ምንም ሳልጠይቀው፣ እኔም ጠበቅሁ።