ቀለም

መሰላሉን ተከልኩ፣ ባልዲውን ሰቀልኩ፣
ከታትራ በሚወርድ ንፋስ ውስጥ ግድግዳውን ፋቅኩ።
ሐሙስ ሚኒስትሩ ይመጣሉ አሉ፣
ከበሩ ላይ ያለውን ሪባን ሊቆርጡ፣ ፎቶ ሊነሡ፣ እጅ ሊጨብጡ፣ ደህና ዋሉ ሊሉ።
ፎርማኑ ቮይቴክ ሲጋራውን ነክሶ
«ዴዞ፣ ቶሎ በል!» አለኝ፣ «ይህ እኮ ነው ተሐድሶ።»

ይህን ግድግዳ አውቀዋለሁ።
ሰባት ዓመቴ ላይ፣ እዚሁ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሥዕል እያሳየች ስትጠይቅ፦
«ይህ ምንድን ነው?»
ሥዕሉ ጃርት ነበር። ጃርትማ እንዴት ይጠፋኛል?
ከአባቴ ጋር ጫካ ስንወርድ ስንቴ እጄን ወግቶኛል!
ስሙንም አውቃለሁ፣ በናቴ አፍ፣ በሮማኒ፤
የሴትየዋ ስሎቫክኛ ግን እንግዳ ነበር ለኔ።
ዝም አልኩ።
እስክሪብቶዋ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ሳበ፣
«ይህ ልጅ ቀለም አይገባውም»
ማንበብ በማይችል አባቴ ፊት ተነበበ።

ከዚያ ስምንት ዓመት፣ «ልዩ» በሚሉት ክፍል ውስጥ፣
ወረቀት በመቀስ ስከረክም፣ ድንች ስልጥ።
ቀለም አይገባውም የተባለው፣ ይኸው፣
ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራው ቀለም ነው።

አሁን ሕግ ወጥቷል። መለየት ቀረ ተብሏል።
«ልዩ» የሚለውን ስም ፍቀው «መሸጋገሪያ ክፍል» አሉት፤
ከወዴት ወዴት እንደሆነ፣ የተሻገረ ልጅ አላየሁበት።

ልጄ ዣኔታ ከኋላ ናት፣ ኮንቴነሩ ውስጥ፣
በበጋ የሚግል፣ በብርድ የሚያንቀጠቅጥ።
«ለጊዜው ነው» አሉን ገና እሷ ስትወለድ፣
ዐሥር ዓመት ሞላት፣ «ለጊዜው» ሥር ሲሰድ።

በምሳ ሰዓት መጥታ ከባልዲው አጠገብ ቆመች፣
ቆርቆሮዎቹን ቆጠረች፣ ግድግዳውን በእርምጃ ለካች።
«ርዝመቱ በቁመቱ፣ መስኮቶቹ ሲቀነሱ…
አባዬ፣ ሁለት ቆርቆሮ ያንሳችኋል» አለች።
ቮይቴክ ስልኩን አወጣ። ደመረ፣ አበዛ፣
ደግሞ አበዛ። ሳቁ አፉ ላይ ፈዘዘ።
«ማን አስተማረሽ?» አላት።
«መስኮቱ።»

ከኮንቴነሩ ጎን የትልቁ ሕንፃ መስኮት አለ፤
ከመስኮቱ ወዲያ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው በቾክ የተሞላ።
እረፍት ሲደወል ሌሎቹ ኳስ ሲያባርሩ፣
እሷ በረዶው ላይ ቆማ፣ ጓንት በሌለው ጣት
ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች የሰው ልጆችን ትምህርት።
እኔ አባቷ ይህን አላውቅም ነበር።
እጇ ለምን እንደሚሰነጠቅ ስጠይቃት
«ከብርዱ ነው» ትለኝ ነበር። ከብርዱም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ መጣ፦
«የኋላውን መስኮት ነጭ ቀባው፣ ከታች እስከ ላይ፣
እንግዶቹ ሲዞሩ ኮንቴነሩ እንዳይታይ።»
«ውሉ ላይ አለ?» አልኩት።
«አለ። ውሉ ላይ የሌለው ኮንቴነሩ ነው።»

ብሩሹን ነከርኩ። አልዋሽም፣ ነከርኩ፤
የክረምቱን ከሰል በዱቤ ነው የበላሁት፣ ዕዳ አለብኝ።
የመጀመሪያው ረድፍ ነጣ፣ ሁለተኛው ነጣ፣
የመምህሯ እጅ ጠፋ፣ ሰሌዳው ከዓይን ወጣ።
ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ዞራ አየችኝ፣
ሳልሸፍናት በፊት እጇን አውለበለበችልኝ።

ታች ጥጉ ላይ፣ በዐሥር ዓመት ልጅ ዓይን ልክ፣
አንዲት መስታወት ቀረች።
ቮይቴክ ጎንበስ ብሎ አያት። «ይቺሳ?» አለኝ።
ባልዲውን ዘቅዝቄ አሳየሁት።
«ልጅቷ ነግራህ ነበር» አልኩት፣
«እዚህ ትምህርት ቤት
ቀለም ያንሳል።»