ግራ ቅንድብ

ቦራ ይሉታል የትሪየስቴን ነፋስ፣
ከኮረብታ ወርዶ ባርኔጣ የሚያፍስ።
ስድሳ ዓመት ሙሉ ጠጉሯን የጎተተ፣
ዘንድሮ ቢመጣ የሚይዘው አጥቶ
መስኮቱን ደጋግሞ መታና ታከተ።

ኦንዲና ተቀምጣ ጠብታ ትቆጥራለች፤
አንድ መቶ ሲሞላ ካንድ ትጀምራለች።
ፍርሃት በሆዷ ውስጥ
ፍሬኑ እንደ ከዳው የቁልቁለት ትራም።

ኔቪያ መጣች፣ ወንበሯን አስጠግታ፣
የጠቆረ ጥፍሯን በዘይት አሽታ፣
«አይዞሽ» አላለችም።
«እጅሽ በረዶ ነው» ብቻ ነው ያለችው፤
በሁለት መዳፏ ይዛ አቆየችው።
ስንት ላይ ነበረች? ቆጠራው ጠፋባት።

ከዚያ እርሳስ ወጣ፣
የረገፈ ቅንድብ እንደ አዲስ ሊሣል።
ቀኙ አለቀና ግራው ሲጀመር፦
«ቆዪ» አለች ኦንዲና፣ «እሱን ከፍ አርጊልኝ።
ሠላሳ ዓመት ትራም ላይ ቲኬት ስቆጣጠር፣
ሳይከፍል የተሳፈረ
ይቺን ቅንድብ አይቶ፣ ራሱ ነበር የሚወርደው።»

ከፍ አለ ቅንድቡ። መስታወት ቀረበ።
አየች፤ ዝም አለች፤
ጥፍሯን እፍ፣ እፍ አለች፣ ቀለሙ እንዲደርቅ።
ቀና ብላ ደግሞ
የተሰቀለውን ያን ቀይ መድኃኒት
ካናቱ እስከ ቱቦው ገረመመችና፦
«አንተስ? ቲኬት አለህ?
የት ነው የምትወርደው?»