ከትኬት መስኮቱ ለሙሽራው ወገኖች

የወንዱ ወገኖች፣ ከሩቅ የምትመጡ፣
ካርዱ ላይ ያለውን ቅዳሜ አትመኑ፤ ሁለት ቀን ቅደሙ፤ ሐሙስ ላይ ውጡ።
ካርዱን ያሳተመችው የእህቴ ልጅ ሌኦኖር
አበባ ሥላበታለች፣ ባሕር ሥላበታለች፤ ጭጋግ ግን አልሣለችም፤ እሱን እኔ ልናገር።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚህች መስኮት ኋላ ተቀምጬ
ስንቱን መንገደኛ ሸኘሁ፣ የጀልባ ትኬት ቆርጬ!

ከሊዝበን አውሮፕላን አለ፤ ከአውሮፕላኑ በኋላ ጀልባ፤
ጀልባው ሲቆም ዕድል አለ፤ ዕድልም ሲያልቅ ጸሎት፣ ወይም እንባ።
የሰርጉን ልብስ በእጃችሁ ያዙ፤ ሻንጣ የራሱ መንገድ አለው፤
አምና አንድ ሚዜ፣ ሱፉ ማዴይራ ሲዝናና፣ በወንድሜ ሱሪ ቆመ፣ ቁርጭምጭሚቱ እየታየው።
ለባሕር ሕመም ዝንጅብልና ደረቅ ዳቦ ያዙ፤
ከፊት አትቀመጡ፤ ከኋላ ሆናችሁ፣ አድማሱን እያያችሁ ተጓዙ።
ከባድ ስጦታ ይቅር፤ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ብርጭቆው ይሰበራል፤
የወዳጅ ፊት ግን፣ ምንም ቢናወጥ፣ ሳይሰበር ይደርሳል።

ቀጭን ተረከዝ ተዉ። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፤
ተረከዝ ይውጣል፤ የዋጠውንም እስከ ዛሬ አላወጣ።
ሰዓታችሁን ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ፤
አባ አቢሊዮ ከዚያም ላይ ግማሽ ሰዓት ይዘገያሉ፤ በር በሩን እያያችሁ አታልቅሱ።
ስትሳሳሙ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከቀኝ ጉንጭ ጀምሩ፤
ከግራ የጀመሩ አሉ፣ መነጽር ሰብረው የቀሩ።
የሙሽሪት አባት ዤርቫዚዮ አይብ ሲቆርስላችሁ «በቃኝ» አትበሉ፤ ያኮርፋል፤
ሳህናችሁንም ባዶ አታድርጉ፤ ባዶ ካየ ይሞላል፣ ደግሞ ይሞላል፤ ሌሊቱ ያልፋል።

እናንተ የኖርዌይ ሰዎች፣ ብርድ እንደማትፈሩ ሰምቻለሁ፤
የኛ ጭጋግ ግን ብርድ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።
ድምፅ የለውም፤ አይነፍስም፤ ሲመጣ አያስፈራም፤
የማዶውን ተራራ ቀስ ብሎ ይወስደዋል፣ ቀጥሎ ወደቡን፣ ቀጥሎ ጀልባውን፤
እጃችሁን ትዘረጋላችሁ፤ ጣታችሁ የለም።

አንድ ሰርግ አውቃለሁ። ሰኔ ነበር። በሬው ታርዶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣
ሙሽራው ከማዶ ደሴት ሊሻገር ሲል፣ ባሕሩ እንደ በር ተቀርቅሮ።
አንድ ቀን ጠበቅን። ሁለት። ሥጋው እንዳይበላሽ እንግዳው በላ።
በሦስተኛው ቀን ጭጋጉ ተነሣ፣ ጀልባዋ መጣች፤
ሰው ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ ፖስታ ወረደ። ከዚያ በኋላ
ገመድ የያዘው ሰውዬ፣ ፊቴን ላለማየት፣ መሬት መሬት አየ፤
ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካስ ሰውየውን ጭጋጉ አልነበረም ያቆየ።

በመስከረም ይህን ሥራ አገኘሁ፤ ትኬት መቁረጥ፣ የጀልባ ሰዓት መናገር።
ጭጋጉን ይቅር ብዬዋለሁ። የቀረውን እንተወው፤ ሰርግ ነው፤ የማይነገር አይነገር።

ስለዚህ ሐሙስ ኑ። ቶርስታይንን፣ አደራ፣ በመሃላችሁ አስቀምጡ፤
ስልክ ይዞ ወደ ጀልባው ጫፍ ከሄደ ተከተሉት፤ ብቻውን አትተዉት እስክትመጡ።
ጥሩ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ባየሁት ቀን፣ ማንም ሳያዘው፣ ሳህን አጥቧል።
እኔ ግን እግሩ የወደቡን ድንጋይ ሲረግጥ ካላየሁ፣ ልቤ መቼ ያርፋል?

እሑድ ጭጋግ ወርዶ መመለሻው ቢዘጋባችሁ አትቆጡ፤
አይቡ አላለቀም፤ አልጋም አለ፤ ተቀመጡ።
ወደቡ ላይ ሰማያዊ መስኮት ታያላችሁ፤ ከኋላዋ እኔ አለሁ፤
ኢዳሊና እባላለሁ፤
ስትወርዱ አንድ በአንድ እቆጥራችኋለሁ።